በጸጉር ቀለም ሳጥን ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ከየት መጣ? ለጨዋታ ቀን ቅንድብ ለሚቀቡ ልጆች ወላጆች



ሰሞኑን ከድባጤ አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ትምህርት ቤት ቅዳሜ የኳስ ጨዋታ አለው። ደጋፊ ሴት ልጆች ተመካክረው ቅንድባቸውን አንድ ዓይነት ሊሠሩ ነው። የቅንድብ ቅርጽ ተቆርጦ የወጣበት ላስቲክ፣ እነሱ ስቴንስል የሚሉት፣ አንደኛዋ ጓደኛቸው ጋ አለ። ጉንጫቸው ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይቀባሉ። ለቅንድቡ ግን የመረጡት ጥቁር የጸጉር ቀለም ነው፤ በላብ አይለቅም፣ ሳምንት ይቆያል ተብሎ። እናትየው "ዶክተር፣ ደስታቸውን ልከለክላት አልፈልግም፤ ግን ዓይኗን አይጎዳትም ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።

አጭሩ መልስ፦ ላስቲኩ በራሱ አይጎዳም፤ የጸጉር ቀለሙ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ረጅሙ መልስ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ማወቅ ልጅን "አይሆንም" ከማለት ይልቅ ለማስረዳት ስለሚጠቅም ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ የዓይን አካባቢን ማስዋብ ትናንት ከስልክ የመጣ ነገር አይደለም። ኩል የአያቶቻችን ነው። የሠርግ ዘፈኖቻችን ሙሽራዋን በኩሏ ያሞግሷታል፤ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ላይ ኤልዛቤል ዓይኗን ተኳለች ተብሎ ተጽፏል። ቅንድብ ደግሞ የውበት ብቻ ሳይሆን የሕክምናም ቦታ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ ዓይኑ የታመመን ልጅ ቅንድቡን በምላጭ መብጣት የተለመደ ነበር። (ይህን ዛሬም የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ጠባሳና ቁስል እንጂ ለዓይን የሚሰጠው ጥቅም የለም።)

የጥንት ግብፃውያንም ኩልን የሚኳሉት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ዓይንን ከበሽታ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሉቭር ሙዚየም ከሚገኙ ጥንታዊ የኩል ዕቃዎች የተገኘውን ዱቄት መርምረው ያወጡት ውጤት እኔንም አስገርሞኛል። በኩሉ ውስጥ ሆን ተብለው የተሠሩ የእርሳስ ውህዶች ተገኙ፤ እነዚህ ውህዶች በጣም በትንሽ መጠን ሲሆኑ የቆዳ ሴሎችን የመከላከል ሥራ ሊያነቃቁ እንደሚችሉ በቤተ ሙከራ ታየ። የጥንቶቹ እምነት ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ነገር ግን እርሳስ እርሳስ ነው። እዚህ ላይ እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ የመጻፊያው እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። እኔ የምለው ከባዱን ብረት ነው። በግብፅና በዐረብ አገሮች ከገበያ ተገዝተው የተመረመሩ ኩሎች ብዙዎቹ ጋሌና ከሚባለው የእርሳስ ድንጋይ የተፈጩ ሆነው ተገኝተዋል። ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይልሳል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ እድገት የሚጎዳ ነው፤ ለልጅ "ይህን ያህል ችግር የለውም" የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ የድንጋይ ኩል ለአራስ ልጅ ዓይንና እትብት ፈጽሞ አይሁን።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ።

ጥቁር የጸጉር ቀለም ጸጉርን በደንብ የሚይዘው በአብዛኛው ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ በሚባል ኬሚካል ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ፣ አንዲት እናት የወላጆችና መምህራን ማኅበር ሊያከብራቸው ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ ሊገኙ ወደ ውበት ሳሎን ሄዱ። እዚያም ቅንድባቸውንና ሽፋሽፍታቸውን ላሽ ሉር በሚባል ቀለም ተቀቡ። ቀለሙ ፒፒዲ ነበረበት። ዓይናቸው አበጠ፣ መገለ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፉ። በዚሁ ቀለም የተጎዱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ሕይወቷ ያለፈ ሴትም ነበረች።

የሚያሳዝነው፣ በወቅቱ መንግሥት ምርቱን ከገበያ ማንሳት አይችልም ነበር። በሥራ ላይ የነበረው የ1906 ሕግ ስለ ምግብና መድኃኒት እንጂ ስለ መዋቢያ የሚለው ነገር አልነበረም። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ማድረግ የቻለው የሴትዮዋን ከቀለሙ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶግራፎች በዐውደ ርዕይ ለሕዝብና ለሕግ አውጪዎች ማሳየት ነበር። ጋዜጠኞች ዐውደ ርዕዩን "የአሰቃቂ ነገሮች ክፍል" ብለው ጠሩት። ያም ሆኖ ሕጉ አምስት ዓመት ፈጀ። በመካከሉ በ1937 አንድ የተመረዘ ሽሮፕ ሕፃናትን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሰኔ 1938፣ በእኛ 1930 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አዲሱ ሕግ የጸደቀው። በአዲሱ ሕግ ከገበያ ከታገዱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ላሽ ሉር ነበር።

ይህ ሕግ አንድ ነገር ፈቀደ፣ አንድ ነገር ከለከለ። ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚሠሩ የጸጉር ቀለሞች ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባቸው ለራስ ጸጉር እንዲሸጡ ፈቀደ። ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ግን ይህን ፈቃድ አልሰጠም። ማስጠንቀቂያው ዛሬም በብዙ የጸጉር ቀለም ሳጥኖች ላይ በደቃቅ ፊደል ይገኛል፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ አይደለም፣ ዱቄቱም ከሳጥኑ ወጥቶ በትንሽ በትንሹ ሲሸጥ ማስጠንቀቂያው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ላስቀምጥላችሁ። የሚለው ይህ ምርት አንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል አስቀድሞ በትንሽ ቦታ መሞከር እንዳለበት፣ ለሽፋሽፍትና ለቅንድብ ፈጽሞ መዋል እንደሌለበት፣ ቢውል ዓይነ ስውርነት ሊያስከትል እንደሚችል ነው። ዓይነ ስውርነት የሚለው ቃል በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ የዴይተኗ እናት ዓይን ስለጠፋ ነው።

የእኛ ክልል ሰዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ስትሻገሩ ሂና የሴቶች ጌጥ ነው። ንጹሕ ሂና ቅጠል ነው፣ ቀለሙም ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል። ጠቁሮ ቶሎ እንዲይዝ ሲፈለግ በሱዳን "ሐጀር" (ድንጋይ) የሚሉት ጥቁር ነገር ይደባለቅበታል፤ እሱም ፒፒዲ ነው። በካርቱም ሐኪሞች በ10 ዓመት ውስጥ በሂናና በፒፒዲ ድብልቅ ተመርዘው የመጡ 31 ሕፃናትን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትመው ነበር። ፊትና አንገታቸው አብጦ መተንፈስ ያቃታቸው ነበሩ፤ 13ቱ ሆስፒታል በደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። አብዛኛው መመረዝ የሚመጣው ሲዋጥ ነው። ቢሆንም ይህ ዱቄት ሕፃን በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ወደ ቅዳሜው ጨዋታ እንመለስ። ኳስና ቀለም የቆየ ፍቅር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ የነበረው ደስታ በባንዲራ ነበር። ከ31 ዓመት መቅረት በኋላ ወደ ዋንጫው ተመልሰን በዚያው በጥር 13፣ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንወጣ ደግሞ ደጋፊው ባንዲራውን ፊቱ ላይ ተቀብቶ ነበር። አዳነ ግርማ ሲያገባ እኔም የጮህኩትን ጩኸት አልረሳውም። እና ልጆቹን "ተዉ" አልላቸውም።

የምላቸው ይህን ነው። ቅንድብ ግንባር ላይ የተቀመጠው ላብ ወደ ዓይን እንዳይወርድ ወደ ጎን እንዲያፈስ ነው። እንደ ድባጤ ባለ ሙቀት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሁለት ሰዓት የሚጮህ ልጅ ቅንድቡ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከላብ ጋር ወደ ዓይኑ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ የምትቀቡት ነገር ዓይን ውስጥ ቢገባ የማይጎዳ መሆን አለበት። በፋብሪካ ለፊት የተሠራ፣ በውሃ የሚለቅ የፊት ቀለም ወይም ተራ የቅንድብ መኳያ እርሳስ ይበቃል። የጸጉር ቀለም፣ ጥቁር የተደረገ ሂና፣ የመኪና ወይም የቤት ቀለም፣ ማርከር አይሆኑም። አለርጂ የመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ማሳከክ፣ ማበጥና ውሃ መቋጠር ሊመጣ ይችላል። አንዴ በፒፒዲ የተቆጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊቆጣ ይችላል።

ላስቲኩ አይጎዳም ያልኩት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። (ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ መምህራን ስቴንስልን ያውቁታል፤ ፈተና የሚያባዙበት ወረቀት ነበር። አሠራሩ ያው ነው፣ ቀለም በተቀደደው በኩል ብቻ ያልፋል።) አሥራ አምስት ልጆች አንዱን ላስቲክና አንዱን ብሩሽ ከዓይን በላይ እየተቀባበሉ ሲጠቀሙ ግን ከቀለሙ ሌላ የሚያልፍ ነገር አለ። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አጥፎ ኮርኒያ የምንለውን የዓይን መስታወት እየፋቀ ያሳውራል። በዓለም ላይ በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሸጋገር ላስቲኩ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ብሩሽ ለየራስ፣ ፎጣም ለየራስ ይሁን። ዓይኗ የቀላ ወይም የሚያዝ ልጅ በዚያ ቀን ጉንጯን ብቻ ትቀባ፣ በራሷ ብሩሽ።

ቀለም ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ የጡት ወተት፣ ቅጠል ወይም ኩል አትጨምሩ። ሕመም፣ ብዥታ ወይም ብርሃን መፍራት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የቀለሙንም ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ ውሃውን ጨርሱ አትበሉ፣ ወዲያው ሂዱ።

እናትየው ይህን ሁሉ ከላክሁላቸው በኋላ ማታ መልሰው ጻፉልኝ። ሳጥኑን ከልጃቸው ጓደኛ ቤት አስመጥተው ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለልጆቹ አነበቡላቸው። ልጆቹ ቅንድቡን በእርሳስ ለመሥራት ተስማምተዋል፤ ክርክሩ አሁን ጉንጭ ላይ የሚቀባው የባንዲራው ቀለም ይሁን የክፍላቸው ቲሸርት ቀለም የሚለው ነው። በዚህ እኔ አልገባም።

በእናንተስ አካባቢ ለጨዋታ ቀን ልጆች በምን ይቀባሉ? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ።