በወጣቶች የፋስትፒች ሶፍትቦል የተፈቀዱና የተከለከሉ የአወራወር ስልቶች፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ መረጃ

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች በትምህርት ቤትና በሰፈር ሊጎች ከሚሳተፉባቸው ስፖርቶች አንዱ ሶፍትቦል ነው። አብዛኛው ወላጅ በእግር ኳስና በሩጫ ያደገ በመሆኑ፣ ዳኛው ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ጡጫ ሲጨብጥ ልጁ ምን እንዳጠፋች ለመረዳት ይቸገራል። ይህ ምልክት «ሕገ ወጥ ውርወራ» ተፈጽሟል ማለት ነው። ስሙ የሚያስደነግጥ ቢሆንም የሥነ ምግባር ጥፋትን አያመለክትም፤ በአብዛኛው የእግር ወይም የእጅ አጠቃቀም ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ ወላጆች ደንቡን ተረድተው ልጆቻቸውን እንዲያግዙና አስፈላጊ ሲሆንም አሠልጣኙን በአግባቡ እንዲጠይቁ ለማስቻል ተዘጋጅቷል።

ርቀትና ዕድሜ

ሶፍትቦል እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ በቤት ውስጥ የሚካሄድ የቤዝቦል ዓይነት ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፣ የሴቶች ፋስትፒች እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል። በፋስትፒች ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ ነፋስ ወፍጮ አሽከርክራ ኳሱን ከታች በኩል በፍጥነት ትለቃለች። የምትቆመው ራዲየሱ 2.44 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ፣ 61 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው። ከዚህ ሰሌዳ እስከ መቺዋ ቤዝ ያለው ርቀት በተለመደው አሠራር እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች 10.67 ሜትር፣ እስከ 12 ዓመት ለሆኑት 12.19 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ላሉት ደግሞ 13.11 ሜትር ነው። የኳሱ መጠንም እንዲሁ ይለያያል፤ ትንንሾቹ ዙሪያው 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ኳስ፣ ከፍ ያሉት በ30.5 ሴንቲ ሜትር ኳስ ይጫወታሉ።

እዚህ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ በተለየ ሁኔታ የሚያጋጥም ችግር አለ። የዕድሜ ምድብ የሚወሰነው በልደት የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የተወለዱ ልጆች የልደት ቀን በቤተሰቡ ዘንድ የሚታወቀው በዓመተ ምሕረት ነው። ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደችው በጃንዋሪ 2014 ነው። ወላጅ በስሌት ስሕተት ሰባት ብቻ ደምሮ 2013 ብሎ ቢሞላ፣ ልጂቱ በአንድ ዓመት ከፍ ብላ ትመዘገባለች፤ በዚህም ምክንያት ከአቅሟ በላይ በሆነ ርቀትና በትልቅ ኳስ እንድትወረውር ልትገደድ ትችላለች። በስሕተት የተመዘገበ ቀን ካለ ውድድሩ ሳይጀመር እንዲታረም ማድረግ ይገባል። ከሰነድ ማረጋገጥ ጋር ለተያያዙ ጥያቄዎች በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያነጋግሩ።

ከውርወራ በፊት

ወርዋሪዋ ኳስ ሳትይዝ በሰሌዳው ላይ መቆም አትችልም። ደጋፊ እግሯ፣ ማለትም የምትገፋበት እግር፣ ሰሌዳውን መንካት አለበት። በቀኝ እጇ ለምትወረውር ልጅ ይህ ቀኝ እግሯ ነው። ምልክት የምትቀበለው እጆቿ ተለያይተው ሳሉ ነው። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን አገናኝታ ከአንድ ሰከንድ ላላነሰ፣ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ትቆያለች። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያስቀጣው ይህች አንዲት ሰከንድ ናት፤ የቸኮለች ልጅ እጆቿን አነካክታ ወዲያው ትወረውራለች። ቤት ውስጥ ያለ ኳስ እንኳ ሊለማመዱት የሚቻል ነገር ስለሆነ ወላጅ እዚህ ላይ በእርግጥ ሊረዳ ይችላል። ሐሳቧን የለወጠች ወርዋሪ እጆቿ ከመለያየታቸው በፊት ከሰሌዳው ወደ ኋላ መውረድ ትችላለች።

የክንድ እንቅስቃሴ

ክንዱ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ መሽከርከር አይችልም። እንቅስቃሴው ከተጀመረ በኋላ መቆም ወይም አቅጣጫ መለወጥም የተከለከለ ነው። ኳሱ በሚለቀቅበት ቅጽበት እጅ ከዳሌ በታች መሆን፣ የእጅ አንጓም ከክርን ይልቅ ከዳሌ መራቅ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ውርወራው ወደ ጎን እንዳይሆን የተደነገገ ነው። ኳሱ ከእጅ ቢያመልጥ ለመቺዋ አንድ «ቦል» ይቆጠርላታል፤ ጨዋታው ግን ስለማይቆም ሯጮች በራሳቸው ኃላፊነት መሮጥ ይችላሉ።

የእግር እንቅስቃሴ፦ መዝለልና «ክሮው ሆፕ»

ከፍተኛው ክርክር የሚነሣው እዚህ ነው። ወርዋሪዋ የሚፈቀድላት አንድ እርምጃ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ወደ መቺዋ፣ ከሰሌዳው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሳይወጣ መሆን አለበት። በነባሩ ደንብ ደጋፊ እግር ሰሌዳውን ከገፋ በኋላ መሬቱን እየጎተተ መከተል ነበረበት፤ ሁለቱም እግሮች አየር ላይ ከሆኑ «መዝለል» ተብሎ ያስቀጣ ነበር። በቅርብ ዓመታት በርካታ የአሜሪካ የውድድር አካላት ይህን ደንብ በማላላት መዝለልን ፈቅደዋል። ስለዚህ የቆየ ሕግ የሚያውቅ ተመልካች «ዘለለች!» ብሎ ቢጮህ ትክክል ላይሆን ይችላል።

«ክሮው ሆፕ»፣ በቃል በቃል ትርጉሙ «የቁራ እንጣጥታ»፣ ግን አሁንም የተከለከለ ነው። በዚህ ስልት ወርዋሪዋ ሰሌዳውን ትለቅና ደጋፊ እግሯን ከፊት ለፊት መሬት ላይ እንደገና ተክላ፣ ከዚያ ከአዲሱ ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ ትገፋለች። ልዩነቱ ከመሬት በመነሣቷ ላይ አይደለም፤ እንደገና በመግፋቷ ላይ ነው። የሜዳው አፈር ራሱ ይናገራል፦ የጎተተ እግር ከሰሌዳው የሚጀምር ተከታታይ መስመር ይተዋል፤ ክሮው ሆፕ የፈጸመ እግር ግን ከሰሌዳው ፊት ለብቻው የተቆፈረ የግፊያ ምልክት ይተዋል።

ክልከላው ምክንያት አለው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ 12.19 ሜትርን ለማቋረጥ 0.55 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ በአንድ ሜትር ቢያጥር ጊዜው ወደ 0.50 ሰከንድ ይወርዳል። የ12 ዓመት መቺ ይህን ልዩነት በሰውነቷ ታውቀዋለች። ወርዋሪዋም ብትሆን አልተጠቀመችም፤ ይህ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ለማስተው የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ የልጂቱ ሳይሆን የሜዳው ነው። ከሰሌዳው ፊት በተደጋጋሚ መረገጥ የተፈጠረ ጉድጓድ ካለ እግሯ ሳታውቀው ወደ ውስጥ ገብቶ ሰሌዳውን መንካት ይተዋል። አሠልጣኙ ጉድጓዱን እንዲያስሞላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኳሱን በሚመለከት

ኳሱ ላይ ባዕድ ነገር መቀባት ክልክል ነው። እጅን ለማድረቅ የተፈቀደ የሮዚን ዱቄት መጠቀም ይቻላል፤ ጣቷን የላሰች ወርዋሪ ኳሱን ከመንካቷ በፊት መጥረግ አለባት።

ቅጣቱ

ሕገ ወጥ ውርወራ ሲፈጸም ጨዋታው ወዲያው አይቆምም፤ ዳኛው ምልክቱን ሰጥቶ ውጤቱን ይጠብቃል። መቺዋ ኳሱን መትታ አንደኛ ቤዝ በሰላም ከደረሰችና ሌሎች ሯጮችም ቢያንስ አንድ ቤዝ ከተሻገሩ ጥፋቱ ይሻራል። ይህ ካልሆነ የመቺው ቡድን አሠልጣኝ የጨዋታውን ውጤት ወይም ቅጣቱን ይመርጣል። ለምሳሌ መቺዋ ኳሱን መትታ አንደኛ ቤዝ ሳትደርስ ብትወጣ፣ አሠልጣኝዋ ቅጣቱን መርጣ ልጂቱን ወደ መምቻው መመለስና አንድ «ቦል» ማስቆጠር ትችላለች። በአንዳንድ ደንቦች ከዚህ በተጨማሪ ሯጮች አንድ ቤዝ እንዲሻገሩ ይደረጋል፤ በሌሎች ግን ቅጣቱ «ቦሉ» ብቻ ነው።

የትኛው ደንብ ይሠራል?

ዩኤስኤ ሶፍትቦል፣ ሊትል ሊግ እና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን እያንዳንዳቸው የራሳቸው የደንብ መጽሐፍ አላቸው። አንዲት ልጅ በጸደይ ለትምህርት ቤቷ፣ በበጋ ለክለብ ስትጫወት በሁለት ደንብ ልትዳኝ ትችላለች። ስለሆነም በምዝገባ ወቅት አሠልጣኙን «በየትኛው ደንብ ነው የምንጫወተው? መዝለል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብሎ መጠየቅ ይመከራል።

የዳኛን ውሳኔ በተመለከተ ዳኛው ያየውን ነገር፣ ለምሳሌ እግሯ ሰሌዳውን ነክቷል አልነካም የሚለውን፣ በአቤቱታ ማስለወጥ አይቻልም። አቤቱታ የሚቀርበው ደንቡ በተሳሳተ መንገድ ከተተረጎመ ነው፤ እርሱም በአሠልጣኙ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር ነው። ወላጅ ከአጥር ውጭ ሆኖ ከዳኛ ጋር መከራከሩ ልጂቱን ከማሳፈር ያለፈ ጥቅም የለውም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችግር ያለባቸው ወላጆች የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚሰጡትን መረጃ በሚረዱት ቋንቋ እንዲያገኙ የመጠየቅ መብት አላቸው። በግል ክለቦች ዘንድ ተመሳሳይ አገልግሎት ላይኖር ስለሚችል፣ ቅጽ ከመፈረም በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዲያነብልዎ ያድርጉ።