በአንድ ስም የተጠሩ ብዙ ድምፆች

መጽሐፍ የማን ነው? የደራሲው ነውን? የተርጓሚው? ወይስ በብራና እየገለበጠ ከመጥፋት ያዳነው የጸሐፊው? «ቄርሎስ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ይህን ያስጠይቃል።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ቄርሎስ ያረፈው በ444 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ በጉባኤ ቤቶቻችን ከመጻሕፍተ ሊቃውንት ተቈጥሮ ዛሬም በአንድምታ ይተረጐማል። መክፈቻው በእርግጥ የእርሱ ነው፤ ስለ ቀናች ሃይማኖት ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊና ለእኅቶቹ ለአርቃድያና ለማሪና የጻፋቸው ድርሳናት፣ ቀጥሎም የክርስቶስን አንድነት በጥያቄና መልስ ያስረዳበት። አልፈን ስናነብ ግን ሌሎች ይናገራሉ፦ የቁስጥንጥንያው ጵሮቅሎስ፣ የዕንቆራው ቴዎዶጦስ፣ የገባላው ሳዊርያኖስ፣ የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ። ቴዎዶጦስ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ከቄርሎስ ጋር የቆመ ነው፤ ኤጲፋንዮስ ግን ጉባኤው ሳይደረግ በ403 ዐርፏል።

እንግዲህ ይህ የአንድ ደራሲ ሥራ ስብስብ ብቻ አይደለም። ለተዋሕዶ እምነት ምስክር ይሆኑ ዘንድ ተመርጠው፣ ታላቁን ሊቅ በፊታውራሪነት አስቀድመው የተሰለፉ አበው ጉባኤ ነው።

አውጉስት ዲልማን ከመጽሐፉ ከፊሉን በ1866 አሳተመ፤ በርንድ ማኑኤል ቫይሸር ደግሞ ከ1973 እስከ 1993 ክፍሎቹን ከብራና ቅጂዎች አመሳክሮ አወጣ። ንባቡ የሚከተለው ግሪኩን ነው። «ሃይማኖተ አበው» በኋላ ዘመን ከዐረብኛ ሲመለስ፣ «ቄርሎስ» ግን በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክ ተተረጐመ። ስሙ ራሱ ምልክት አለው፦ የግሪኩን ካፓ በ«ቀ» መቀበል የጥንቱ ልማድ ነበር፤ ማርቆስና ሉቃስ እንደተባሉ ኪሪሎስም ቄርሎስ ተባለ።

በእጅ ያሉት ብራናዎች ከትርጉሙ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። በመካከሉ ባለው ረጅም ዘመን መጽሐፉን ያኖሩት ጸሐፍት አንዱ ሲያረጅበት ሌላ እየገለበጡ ነው፤ አንድ ትውልድ ቢሰንፍ ኖሮ ሰንሰለቱ በተበጠሰ ነበር። ኤጲፋንዮስም ጵሮቅሎስም በርእሳቸው ላይ ስማቸው ተጽፎላቸዋል። ወደ ግእዝ የመለሰው ሊቅ ግን ስሙን አላኖረም።

«ቄርሎስ እንዲህ አለ» ብለን በግእዝ ስንጠቅስ የምንሰማው ቃል የዚያ ስም የለሽ ሰው ነው። ደራሲውን በስሙ ስናመሰግን ተርጓሚውን ቢያንስ በሥራው እናስበው።