የልብ በር ቅየራ፦ ከመካነ ሰላም እስከ ጥቁር አንበሳ

የልብ በር መቀየር ልብ መቀየር አይደለም። ሰው ሁሉ እንዲያ ይለዋል፤ ስህተት ነው። የሚቀየረው ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ብቻ ነው። ይደገም፦ በሩ እንጂ ልቡ አይቀየርም።

ሰው ሠራሽ በር በተሳካ ሁኔታ መግጠም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀመረ፤ በ2002 ደግሞ ፈረንሳዊው ዶክተር አላን ክሪቢዬ ደረት ሳይከፍቱ በደም ሥር በኩል በር አስገቡ።

የኢትዮጵያው ታሪክ የዶክተር በላይ አበጋዝ ነው። እኚህ የሕፃናት የልብ ሐኪም የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያኔ ለቀዶ ሕክምና ሕፃናቱ ባሕር ማዶ መላክ ነበረባቸው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! አንድ ሐሳብ ይዞ ሃያ ዓመት መቆም ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖችም ከኢትዮጵያውያኑ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምና ሠርተውበታል።

በአውሮፓ በቀዶ ሕክምናው ለከፋ አደጋ የሚጋለጠው በአብዛኛው አዛውንት ነው። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም፣ በከላላና በወግዲ ደጋ ግን ወጣትም ሊሆን ይችላል። በሩ በሩማቲክ ሕመም ጠባሳ ይዞ፣ ልቡ ሰፍቶ፣ የሳንባው ደም ሥር ግፊት ጨምሮ ዘግይቶ ይደርሳል። አደጋውን የሚያከብደው መዘግየቱ ነው፤ መዘግየቱ።

«በደም ሥር የሚገባው በር ይበቃዋል» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ያ በር የሚቆነጥጠው በእርጅና ካልሲየም ያጠነከረውን አሮጌ በር ነው፤ የሩማቲክ በር ብዙ ጊዜ ያን መያዣ አይሰጥም። ጠብቦ የተጣበቀውን በር በፊኛ ማስፋት ወይም መጠገን ከተቻለ ይመረጣል። ካልሆነ ደረት ይከፈታል።

ከብረትና ከካርቦን የተሠራው በር ዕድሜ ልክ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪንና ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ ጽንስን ይጎዳል። ከእንስሳት የሚገኘው በር ደግሞ በወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል። ከሁለቱ የሚመርጥ ሐኪም ሕመምተኛው ምርመራ ለማድረግ የሚጓዘውን መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በሩን የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም፤ ሕመሙን የሚያስነሳው የጉሮሮ ባክቴሪያ በቢላ አይወጣም፤ የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው። ሕመሙ የጀመረው ልጅ የወር የፔኒሲሊን መርፌውን እንዳያቋርጥ፤ ጉሮሮውን ያመመው ልጅም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።