ማዕዘን ያለው ፊደል

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካሉት ቅርሶች ሁሉ ለፊደል ወዳጅ ቀዳሚው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ሐይቅ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ሲሆን፣ መጽሐፉ ለገዳሙ የተሰጠው በ1280/81 ነው። ጎብኚ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሥዕሎቹ ነው፤ ፊደሉ ግን ከሥዕሉ አያንስም።

የዚያ ዘመን አጻጻፍ ቀጥ ያለ፣ ደልዳላ፣ ጠቆር ያለ ነው። የ«ወ» እና የ«ዐ» ሆድ ክብ አይደለም፤ ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላል። የ«መ» ዐይኖች ሾል ይላሉ። የ«በ» እና የ«ለ» እግሮች እንደ በር መቃን ወፍረው ይቆማሉ። ይህን መልክ የሰጠው መሣሪያው ጭምር ነው፦ ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይጥላል። ጸሐፊው የፍየል ቆዳውን ወጥሮ ፍቆ፣ በወስፌ መስመር አስምሮ፣ በጥላሸት ቀለም ነው የሚጽፈው። ከዚያም በፊት ቢሆን በአክሱም የንጉሥ ኢዛና ድንጋዮች ላይ የተቀረጸው ፊደል ማዕዘናማ ነበር።

በኋለኞቹ ምዕተ ዓመታት ፊደሉ እየለሰለሰ ሄደ። በጎንደር ዘመን ክብ ክብ ያለው ጉልሕ ጽሕፈት ነገሠ፤ ለደብዳቤና ለውል ደግሞ ረቂቅ የሚባለው ቀጭን ጽሕፈት በቂ ሆነ።

ለማተሚያ የተቀረጸው የመጀመሪያው የግዕዝ ፊደል ግን የወጣው ሮም ነው፤ በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በኢትዮጵያዊው መነኩሴ በአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል እገዛ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ።

ዛሬ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ፋብሪካና መጪ ዘመንን የሚያስታውስ ፊደል ሲፈለግ ብዙ ዲዛይነር የሚያየው ወደ ላቲኑ ነው፤ ለምሳሌ ጳውል ሬነር በ1927 ወዳወጣው ፉቱራ። ግን ሬነር ራሱ ትልልቆቹን ፊደላት የቀረጸው የጥንት ሮማውያንን የድንጋይ ጽሑፍ አይቶ ነው። የግዕዝ ዲዛይነርም የራሱን ድንጋይና ብራና ቢያይ መብቱ ነው፤ እንዲያውም ግዴታው ነው።

ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም። እንደ ፉቱራ ያለውን የላቲን ፊደል እኩል ውፍረት በግዕዝ ላይ ሲጭኑት «ጩ»፣ «ሟ»፣ «ጬ» ይደፈናሉ፤ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ይዋጣል፤ ከመንገድ ማዶ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይቸገራል። የሐይቅ ዘመን ጸሐፊ ቋሚውን አወፍሮ አግድሙን ስላቀጠነ፣ ፊደሉ ጠቁሮም ቢሆን በውስጡ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ቅጥያውም ከእግሩ ተለይቶ ይነበባል።