ቀኑ የቆመ ብር

እንግዲህ ስሙኝ። ኦክላንድ የተወለደ የእህቴ ልጅ አለ፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲጨንቀው ደግሞ ይመልሳል። ይህ ልጅ ሳንቲም ይሰበስባል። እኛ ቤት ሳንቲም የሚጠራቀመው ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። እሱ ግን ከ1999 እስከ 2008 በየስቴቱ ስም የወጡትን ሃምሳ ሩብ ዶላሮች ከእናቱ ቦርሳም ከእኔ ኪስም እየለቀመ ጨረሰ። ሲጨርስ «ጋሼ፣ ሳን ሆዜ ሾው አለ፤ ውሰደኝ» አለኝ። የሳን ሆዜ ኮይን ክለብ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ትርኢት ነው። ጥምቀትን አክብረን ስናበቃ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወረድን።

ገበያ ነው ስላችሁ፣ ገበያ ነው። የሆቴል አዳራሽ ሙሉ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው የመስታወት ሣጥን፣ በየሣጥኑ ላይ መብራት ተደፍቶበታል። ግን ጩኸት የለም። መርካቶ ያደገ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ሻጩ አይጠራህም፣ እጅህን አይጎትትም፤ አንገቱ ላይ ማጉያ መነጽሩን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ያይሃል። አንዱን አንስቼ በመዳፌ ላገላብጥ ስል ልጁ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ! በጠርዙ! ጠርዙን ብቻ!» የጣት ወዝ ያበላሸዋል አሉ። መወልወል ደግሞ ከዚያ የባሰ ወንጀል ነው፤ የተወለወለ ሳንቲም ዋጋው ይወድቃል። እናቴ ለዓመት በዓል ብሯን በሎሚና በአመድ ስታሽ እነዚህ ሰዎች ቢያዩዋት ኖሮ ፖሊስ ይጠሩ ነበር።

ምን እንደሚፈልጉ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ሁሉም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ዓመቱ ስንት ነው? ፊደሉ ምንድን ነው? ፊደል የሚሉት የተመታበትን ከተማ የምታሳየዋን ነው። በወርቁ ግርግር ዘመን፣ በ1854፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲም መምታት ስትጀምር ምልክቷ ኤስ ሆነች። የ1909ኙ የሊንከን ሳንቲም፣ የሠሪው ስም ምህጻር ያለበት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመታው 484,000 ብቻ ነው። ያቺ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ኤስ ካለችበት ሰብሳቢ ነፍሱን ይሰጣል፤ ከሌለችበት ብዙም ዞር ብሎ አያየውም። ልጁ መስታወቱን በትንፋሹ እያደበዘዘ አያት፣ ዋጋዋን አነበበ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

እዚያ የራሱን አገኘ። ግማሽ ዶላር ነው፤ በአንድ ፊቱ ድብ ፊት ለፊት ቆሟል፣ በሌላው እኛ በየጊዜው ትራፊክ ውስጥ የምንቆምበት የኦክላንድና የሳን ፍራንሲስኮ ድልድይ ተዘርግቷል። ድልድዩ በኅዳር 1936 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲከፈት ለመታሰቢያ የወጣ ነው፤ ሥዕሉን የሠራው ዣክ ሽኒር ሩማኒያ ተወልዶ እንደኛው ተሰድዶ የመጣ ሰው ነበር። ያኔ በድልድዩ መግቢያ አጠገብ ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ይገዛው ነበር ይባላል። ልጁ ኪሱን ቆጠረ። እኔ ግን 1936 ላይ ዓይኔ ቀረ። ያ ድልድይ ሲመረቅ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከገባች ስድስት ወር አልፏታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የዚያው ጠረጴዛ ባለቤት፣ ጥግ ላይ የውጭ አገር ገንዘብም በሣጥን የሚያራግፉ አዛውንት ነበሩ። ልጁ እጁን ከትቶ ሲያምስ ጮኸ። «ጋሼ! ኤስ ኤፍ! ሳን ፍራንሲስኮ ተመታ!» ባይ ጊዜ ጠገራ ብር ነው። ማርትሬዛ! ብሩ ላይ ባለችው በኦስትሪያዋ እቴጌ በማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ሥር በእርግጥም ኤስ እና ኤፍ አለ። ግን ሾብልና ፋቢ የሚባሉ፣ ጉንዝቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብር ያስመቱ የነበሩ ሹማምንት ስም ነው። ልጁ አፈረ፤ እኔ ሳቅሁ፤ ሻጩም ሳቁ።

«እሺ፣ ዓመቱ ግን 1780 ነው» አለ እልኽ ይዞት።

እሱም አይደለም ልጄ! እቴጌይቱ በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ ዛሬ ይመታል። የእኛ ሰው የትከሻዋን ጌጥ እንቁ እየቆጠረ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን እየሰማ ስለሚቀበል፣ አንዲት ነገር ከተለወጠች እምቢ ይል ነበር። ስለዚህ ቀኑም አብሮ ቆመ። እንግሊዝ በ1868 መቅደላ ላይ ሲዘምት ስንቁን የገዛው በእሱ ነው። ሙሶሎኒም ሊወረን ሲነሣ በ1935 መምቻውን ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ አስመታው፤ በእኛው ብር እኛን ሊገዛ! ያን ጊዜ ለንደንም ቀጠለች፣ ኋላ ቦምቤይም።

«ይሄኛውስ የት ነው?» አለ።

ይህን አዋቂዎች ከንስሩ ጅራት ላባ ይለዩታል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ አናቱ ላይ ቀለበት ተበይዶ የተነቀለበት ጠባሳ አለ። ሻጩ በዚያ ምክንያት ካርዱ ላይ «የተበላሸ» ብለው ዋጋ ቀንሰውለታል። የሆነች ሴት አንገት ላይ ኖሮ የመጣ ብር ነው፤ ለእኔ ቢሆን ዋጋ የምጨምረው ለዚያ ጠባሳ ነበር።

ከጎኑ ምኒልክ ነበሩ፤ ዘውድ ደፍተው፣ በጀርባቸው ባንዲራ የያዘው አንበሳ። ካርዱ 1887 ይላል። እውነት ነው፣ ብሩም ላይ ፲፰፻፹፯ ተጽፏል። ግን የእኛ 1887 ነው፤ በፈረንጅ 1894 እና 95፣ ከዓድዋ አንድ ዓመት በፊት፣ ፓሪስ ላይ የተመታ። ይህን ለሻጩ ስነግራቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «እርስዎ ይህን ጽሑፍ ያነባሉ?» አሉኝ። አነባለሁ አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ።

የጃንሆይ ሳንቲሞች ናቸው፤ ናስ መሳዩ መዳብ፣ ጥቂት ብር። ሁሉም ላይ ፲፱፻፴፮። ልጁን አስቀምጬ ቁጥሩን አስጠናሁት፦ አሥራ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ሠላሳ ስድስት። ቆጠረና የድልድዩን ግማሽ ዶላር አጠገቡ አስቀመጠው። «ሁለቱም 1936!» አንዱ አገራችን የወደቀች ዓመት የተመታ ነው፤ ሌላው እሷ ነጻ ወጥታ በ1944 አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ መመታት የጀመረ። ይኸም እንደ ማርትሬዛ ቀኑን ሳይለውጥ ዓመታት ቀጥሏል፤ ስለዚህ በእጅህ የያዝከው በየትኛው ዓመት እንደወጣ ቁጥሩ አይነግርህም። ሃያ አምስቷ ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ ከሃምሳው ጋር እየተምታታች ስላስቸገረች ሰብስበው ጠርዟን ሞገድ አደረጉት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዞራት። ጠርዙን ብቻ እንድይዝ ሲገሥጸኝ የዋለው እሱ ነው!

ሻጩ እርሳስ አነሡ። እኔ ሳነብ እሳቸው ካርድ ላይ ሲጽፉ፣ ምኒልክን ሳርም፣ የደርግን 1969 ወደ 1977 ስመልስ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ልጁ ድልድዩን ይዞ ቀረበና «ጋሼ ስላነበቡልዎት ስንት ይቀንሱልኛል?» አላቸው በእንግሊዝኛ፣ ዓይኑን ሳያሽ። መርካቶ አልረገጠም፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ። አዛውንቱ ጥቂት ዶላር ቀነሱ፣ ባለ ሞገዷን ሃያ አምስት ሳንቲም መረቁለት፣ ለእኔ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት የትርኢት ወረቀት ሰጡኝና «ሌላ ሁለት ሣጥን ቤቴ አለ» አሉኝ።