ጡሩምባ ነፊው ቀድሞ የሚያውቀው፦ የአካባቢ አስተዳደርና የአደጋ ምላሽ ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ



ሁላችንም ከምናውቀው ድምፅ ልጀምር። በአገራችን ከተሞችም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች ሰው ሲሞት፣ ከማንኛውም የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በፊት የሚያውቀው የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። በሌሊት ይቀሰቀሳል፤ የሟቹ ስም ይነገረዋል፤ ጎሕ ሲቀድ መንደሩን ይዞራል። የዕድሩ ዳኛ ሰው ያሰማራል፤ ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጣል፤ ገንዘብ ያዡ የሚገባውን ይከፍላል፤ ድንኳኑና ወንበሩ ከዕቃ ቤት ይወጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰው፣ ገንዘብና ዕቃ በአንድ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። በዛሬው የሙያ ቋንቋ ከተናገርን፣ ይህ ማስጠንቀቂያ፣ ሀብት ማሰባሰብና ምላሽ የሚባሉትን ሦስቱንም ያሟላ ሥርዓት ነው።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ሕዝቡ ይህን ያህል ፈጥኖ የሚያውቀውን፣ የወረዳውና የከተማው አስተዳደር ለምን ዘግይቶ ያውቃል? መልሱን በወልቂጤና በቡታጅራ ታሪክ ውስጥ እንፈልገው። እንዲህ የማደርገው እነዚህ ከተሞች ከሌሎቹ የባሰ ጉድለት ስላለባቸው አይደለም፤ ለጥያቄው ብርቅ የሆነ ማስረጃ ስላቆዩልን ነው።

አስቀድመን ከላይ የመጣውን ሥርዓት እንመልከት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ለኢትዮጵያ መንግሥት ትልቅ ውድቀት ነበር። ረሃቡ በአውራጃና በወረዳ ደረጃ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ለዓለም የተገለጠው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየ ፊልም ነበር። የፊልሙ ርእስ «ያልታወቀው ረሃብ» መባሉ ብዙ ያስተምረናል፤ የሞቱትንና የቀበሯቸውን ሰዎች ዕውቀት ከቁም ነገር አልቈጠረውምና። በዚያው በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት ተጀመረ። ይሁን እንጂ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ማስጠንቀቂያ መጻፍና ማስጠንቀቂያ መሰማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በከባድ ዋጋ አሳየ።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ብሔራዊ ፖሊሲ አቅጣጫውን ለወጠ። በዕርዳታ እጦት የማንም ሕይወት እንዳይጠፋ፣ ዕርዳታም ከልማት ጋር እንዲተሳሰር ደነገገ፤ ወረዳውንም የዕቅድና የምላሽ መነሻ አደረገው። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ ስጋትን አስቀድሞ መቀነስን አስቀደመ፤ ለየአደጋው ዓይነት መሪ የሚሆን የሥራ ዘርፍም መደበ፦ ለወረርሽኝ የጤናው፣ ለሰብልና ለእንስሳት የግብርናው፣ እንዲህ እያለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 የዛሬውን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከፌዴራል አስፈጻሚ አካላት እንደ አንዱ አስቀምጦታል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከተመለከትነው፣ ለወረዳው ሥልጣን ከተሰጠው ሠላሳ ዓመት አልፏል።

አሁን ወደ ጉራጌ ምድር እንውረድ። በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት አከፋፈል ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ ቡታጅራ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበሩ። በኋላ ሁለቱም በጉራጌ ዞን ተጠቃለሉ፤ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ይህን የምዘረዝረው ለአስተዳደር ታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ወሰን በተለወጠ ቍጥር መዝገብ ይንቀሳቀሳል፤ ሠራተኛ ይዛወራል፤ ካለፈው አደጋ የተማረው ሰው ከትምህርቱ ጋር ይሄዳል። ዕድሩ ግን እዚያው ይቀራል።

የሁለቱ ከተሞች ስጋትም አንድ ዓይነት አይደለም። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ የበቀለች፣ በአበሽጌ በኩል ወደ ጊቤ ሸለቆ ቈላ የምትመለከት ከተማ ናት፤ የወባ ነገር ከክረምት መውጫ ጋር ተያይዞ ይመጣባታል። ቡታጅራ ደግሞ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ዳር ተቀምጣለች፤ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ምሥራቁ ሜዳ የሚያልፈው በአካባቢዋ ነው። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው እንሰት ነው። እንሰት አንድ የዝናብ ወቅት ስለቀረ አይጠፋም፤ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ተክል ሕዝቡን ከብዙ ክፉ ቀን አውጥቶታል። ነገር ግን ሌላም ውጤት አስከትሏል፦ ምድሩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሚመስል፣ የተራቈተ መሬት ለማየት የለመደ ዓይን እዚህ ችግር አለ ብሎ አይጠረጥርም።

ሕዝቡ ችግሩን የሚቋቋምበት ሌላው መንገድ ማኅበር ነው። በየመንደሩ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሸንጎውም ይካሄዳል። ወደ አዲስ አበባ የተሰደደው ጉራጌም ይህን ልማድ ይዞ ሄደ፤ የዕድርን አጀማመር ከነዚህ ስደተኞች ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች ብዙ ናቸው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ እያዋጡ መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ይህም ለዛሬው የልማት ማኅበር መሠረት ሆነ። በመስቀልና በአረፋ ወደ አገሩ የሚመለሰው ተወላጅ የሚያመጣው ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ የማን ጓሮ እንደሳሳ ሰምቶ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ደረስሁ። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመሩ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ ቤት ለቤት ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘገብ ጀመር። በአገራችን፣ እንዲያውም በአፍሪካ፣ እንዲህ ያለ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ መዝገብ ጥቂት ነው።

በ1990 ዓ.ም. በጋ፣ በዓለም ዙሪያ በታየው ኤልኒኞ ምክንያት፣ ከወቅቱ ውጪ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፍ ተከተለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዝናብ ጠፋ፤ ድርቅ መጣ። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. በቡታጅራ መዝገብ ውስጥ የሞት ቍጥር በድንገት አሻቀበ። ገጠሩ ከከተማው ይልቅ ተጎዳ፤ ድኾች ቤቶች የበለጠ ሞት አስተናገዱ፤ ከምክንያቶቹ መካከል ወባና የተቅማጥ በሽታ ጎልተው ወጡ። ይህ ያለ ምሳሌ የመጣ ነገር አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ወባ ወደ ደጋማው አገር ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ፣ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ በኋላ የተደረገ ጥናት ገምቷል።

የቡታጅራውን የ1990 እና የ1991 ዓ.ም. ሞት ከአየር ጠባዩ ጋር አገናኝቶ የተነተነው ጥናት ለኅትመት የበቃው በ2002 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ ተመራማሪዎቹን መውቀሴ አይደለም። ሥራቸው ባይኖር ዛሬ የምናገረው ነገር አይኖረኝም ነበር። መዝገቡም የተዘጋጀው ለምርምር እንጂ ለማስጠንቀቂያ አልነበረም። ነገር ግን እውነታውን እንየው፦ እያንዳንዱ ሞት ተመዝግቧል፤ እያንዳንዱ ሟች በሰው ትከሻ ተሸክሞ ተቀብሯል፤ ዕድሩ ካዝናው እየተራቈተ መሆኑን ያውቃል። የሞቱ ብዛት እንደ አደጋ የተነበበው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ለምን? በእኔ አስተያየት የአገራችን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተወለደው ከወሎ ረሃብ ስለሆነ ነው። የዝናቡን መጠን፣ የሰብሉን ሁኔታ፣ የእህሉንና የከብቱን ዋጋ መጠየቅ ተማረ። እነዚህ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ወረዳው የሚሞላው ቅጽ ወደ ላይ የሚጓዘው ዕርዳታ ለመጠየቅ ነው፤ የተረጂ ቍጥር ይጽፋል እንጂ የቀብር ቍጥር አይጽፍም። እንሰት በሚበላበት፣ ምድሩ አረንጓዴ በሆነበት አገር ደግሞ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው በገበያ ሳይሆን በለቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል።

ሞትን ቆጥሮ ለሥራ ማዋል እንደሚቻል ከዋና ከተማችን የተገኘ ምሳሌ አለን። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸሙ ቀብሮችን በመመዝገብ የኤድስን ሞት ተከታትለዋል፤ መድኃኒቱ ከተስፋፋ በኋላም ሞቱ መቀነሱን ያዩት በዚሁ መዝገብ ነው። በሕግ በኩልም መሠረት ተጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ መዝጋቢውም ያለው በቀበሌ ነው። ሆኖም ሞትን ለማስመዝገብ ቤተ ሰቡ ራሱ ወደ ጽሕፈት ቤት መሄድ አለበት። ርስት ወይም ጡረታ የሌለው ድኻ የሞት ምስክር ወረቀት ምን ያደርግለታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የዕድር ደብተር ለማየት ተፈቅዶልኝ ነበር። ጠርዙ የተበላ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ተራ ደብተር ነው። የሟች ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሽማግሌውን፣ «አባባ፣ ይህን ደብተር ከመንግሥት ወገን ጠይቆዎት የሚያውቅ አለ?» አልኋቸው። «መዋጮ ሲፈልጉ የአባላቱን ብዛት ይጠይቁናል» አሉኝ። የሞቱትን ብዛት ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የኩነት መዝጋቢው በየሳምንቱ ዕድሮችን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በዚህ ሳምንት ስንት ቀበራችሁ? ቍጥሩ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ከተለመደው ሲያልፍ የበላይ ትእዛዝ ሳይጠበቅ ሰው ይላክ። የወልቂጤና የቡታጅራ ከተማ አስተዳደሮች ይህን በጥቂት ቀበሌዎች መሞከር ይችላሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቍጥሩን በማንበብ ሊያግዙ ይገባል።

ሁለት ጥንቃቄዎችን ሳልጠቅስ አላበቃም። አንደኛ፣ የዕድር ደብተር ሁሉን አይዝም። መዋጮ መክፈል ያቃተው አባል አይሆንም፤ የጨቅላ ሕፃን ሞት ብዙ ጊዜ ያለ ድንኳንና ያለ ጡሩምባ ያልፋል። ስለዚህ ደብተሩ ለማስጠንቀቂያ እንጂ ለሙሉ ቈጠራ አይበቃም። ሁለተኛና ከባዱ፣ ዕድር የኖረው የአባላቱ በመሆኑ ነው። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ሲጀመር የነዋሪው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማን እንደሆነ ታሪካችን ያስታውሳል። ዕድሩን የመንግሥት ቅርንጫፍ ካደረግነው፣ የምንፈልገው እምነትና ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ፣ ያድምጥ፣ በሰማውም ላይ ፈጥኖ ይሥራ፤ ደብተሩ ግን በሽማግሌው እጅ ይቆይ።

በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ ጡሩምባው ከወትሮው ይልቅ ደጋግሞ ተነፍቷል። የሰማው ጎረቤት ወጥቶ ቀብሯል፤ የድርሻውን አድርጓል። ያልሰማው ሊሰማ የሚገባው ወገን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲሰማ ማድረግ፣ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጥነው ለመምህራንም፣ ነገ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ለምትቀመጡት ለእናንተም የተሰጠ ሥራ ነው።