ነጩ ግድግዳና የሊሊ ራይኽ መጋረጃዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው የግድግዳውን ቀለም አይመርጥም። ክሬም ነው። ክሬም ካልሆነ ነጭ፣ ነጭ ካልሆነም ያ «ግራጫ ነው ወይስ ቤዥ?» እያሰኘ የሚያከራክረው ቀለም ነው። አከራይ የሚቀባው ማንም እንዲወደው ብሎ ሳይሆን ማንም እንዳይጠላው ነው። ሶፋ ውድ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት በራሱ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ስለዚህ ተከራይ «ይሄ የእኔ ቤት ነው» የሚልበት ትልቁ ነገር መጋረጃው ይሆናል፤ ሲለቅም ጠቅልሎት ይሄዳል። ቤት የቀየረ ጓደኛ ያለው ሁሉ ጥያቄውን ያውቀዋል፦ «ከግድግዳው ጋር ምን ይሄዳል?»

መልሱ ከመርካቶ እስከ ቴሌግራም ቻናል ድረስ ተመሳሳይ ነው። ለክሬም ቡኒ፣ ለነጭ ግራጫ፣ ከሥሩ ስስ ነጭ። እኔን የገረመኝ መልሱ ሳይሆን ከጀርባው ያለው እምነት ነው፤ ግድግዳ ዝም ማለት አለበት፣ ጨርቁም ያንን ዝምታ መረበሽ የለበትም የሚለው። ይሄ እምነት ከየት መጣ ብዬ ስከታተል የደረስኩት በርሊን ነው፣ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስሟ ብዙም ከማይነሳ አንዲት ሴት ዘንድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ስለ ነጩ ግድግዳ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘብ ያለው የአውሮፓ ቤተሰብ ባዶ ግድግዳ የድህነት ምልክት ይመስለው ነበር። አበባ የታተመበት ወረቀት ይለጥፋል፣ በላዩ ሥዕል ይደረድራል። መስኮቱ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ከባድ ቬልቬት፣ በቬልቬቱ ጠርዝ ዘርፍ። ክፍሉ ይጨልማል፣ አቧራው አይወጣም። የሳንባ ነቀርሳ ሰው በሚፈጅበት፣ ሐኪም ፀሐይና ንጹሕ አየር በሚያዝበት ዘመን ደግሞ ያ ሁሉ ጨርቅ ራሱ እንደ በሽታ መታየት ጀመረ። በ1925 የስዊዘርላንድ ተወላጁ አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ስለ ጌጥ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሕግ ከፍ አደረገው፤ እያንዳንዱ ሰው የግድግዳ ጨርቁንና ወረቀቱን አውልቆ ሪፖሊን የተባለውን ነጭ ቀለም ይቀባ አለ። ለእሱ ነጭ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ የሥነ ምግባርም ጭምር እንጂ። ሰው ግድግዳውን እየቀባ ነፍሱን ያጥባል ማለት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትንሽ ይበዛል። ደሞ እኮ እሱ ራሱ በሠራቸው ቤቶች ውስጥ ሮዝም ሰማያዊም ቡናማም ግድግዳ ነበር። በ1927 ሽቱትጋርት ላይ አዲሱን የአኗኗር ዘይቤ ለማሳየት በተሠራው የቫይሰንሆፍ ሰፈርም ብሩኖ ታውት ቤቱን ከውስጥም ከውጭም በደማቅ ቀለም ቀብቶት ነበር። ሰው ያስታወሰው ግን ነጩን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ሊሊ ራይኽ በ1885 በርሊን ተወለደች። ሙያዋ የሚጀምረው ከክር ነው፤ የማሽን ጥልፍ ተማረች፣ ልብስ ነደፈች፣ የሱቅ መስኮት አሰናዳች። በ1920 ነዳፊዎችን፣ አርክቴክቶችንና ፋብሪካዎችን ያገናኝ በነበረው የጀርመን ቨርክቡንድ ማኅበር ቦርድ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ከአርክቴክቱ ሉድቪግ ሚየስ ቫን ደር ሮኸ ጋር መሥራት ያዘች። የእሱን ስም ሰምታችሁት ይሆናል፤ የብረትና የመስታወት ሕንጻ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። የእሷን ግን አርክቴክቸር የተማሩ ጓደኞቼን ጠይቄ «ማናት?» ያሉኝ ይበዛሉ።

በ1927 በርሊን ውስጥ የሴቶች ፋሽን ዐውደ ርዕይ ተዘጋጀ። የጀርመን ሐር ሸማኔዎች ማኅበር ምርቱን እንዲያሳዩለት ለሁለቱ ቦታ ሰጣቸው። እነሱም ቡና ቤት ሠሩበት፤ ስሙም «የቬልቬትና የሐር ካፌ»። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋ ወይም በአሻንጉሊት ላይ ያለብስ ነበር። እነሱ ግን በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ቀጥ ያሉም የታጠፉም የብረት ዘንጎች አቁመው ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ሰቀሉት። ግድግዳ የለም፤ ጨርቁ ራሱ ግድግዳ ሆነ። የዘንጎቹ ከፍታ ይለያያል፤ አንዱ መጋረጃ ሲያልቅ ከኋላው ሌላው ብቅ ይላል። ሰው በመካከላቸው ባሉት ከርቮችና ማዕዘኖች ውስጥ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። ቬልቬቱ ጥቁር፣ ብርቱካናማና ቀይ ነበር። ሐሩ ወርቃማ፣ ብርማ፣ ጥቁርና የሎሚ ቢጫ።

እስቲ ይህንን ዝርዝር በአእምሯችሁ ሳሉት። ለክሬም ቡኒ፣ ለነጭ ግራጫ ከሚለው ሕጋችን ጋር አስተያዩት። እነዚህ እኮ «ዘመናዊ ቤት ቀለም አይወድም» የተባለለት ትውልድ ሰዎች ናቸው።

የገባኝን ልንገራችሁ። በአማርኛ መጋረጃ የሚለው ቃል ከጋረደ ነው የመጣው፤ ሥራው መለየት ነው። መቅደስን ከቅድስት፣ ንጉሥን ከተራው ሰው፣ መኝታን ከሳሎን። ለቆንጆነት የሚሰቀል ነገር ሆኖ የምናስበው ከመስኮት ጋር ከተጣበቀ በኋላ ነው። ራይኽ የሠራችው፣ ሳታውቀው፣ ለእኛ ቃል የሚቀርብ ነገር ነበር። መጋረጃዋ ቦታን ይከፍላል፣ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ቀለሙ ደግሞ የክፍሉ ስም ነው። ከብርቱካናማው ኋላ፣ ከቢጫው ፊት፣ እንዲህ እየተባለ አድራሻ የሚሰጥበት ዓይነት።

በ1929 ሁለቱ ባርሴሎና ሄዱ። በዓለም ዐቀፉ ዐውደ ርዕይ የጀርመን ክፍል የጥበብ ኃላፊ ራይኽ ነበረች። ዛሬ የባርሴሎና ፓቪሊዮን የሚባለው ትንሽ ሕንጻ ያን ጊዜ ነው የተሠራው፤ አረንጓዴ እብነ በረድ፣ ማር የመሰለ የኦኒክስ ድንጋይ፣ መስታወት። ብዙ ሰው የሚያየው ድንጋዩን ነው። ግን በመስታወቱ ላይ ቀይ መጋረጃ ነበር፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ምንጣፍ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ወርቃማ፤ የዚያን ጊዜዋ የጀርመን ሪፐብሊክ ባንዲራ ማለት ነው። ባንዲራውን ሳይሰቅሉ ሰቀሉት። መጋረጃውን ብታወልቁት ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

ለእኛ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው ቤት ግን ብርኖ ነው ያለው፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ። ግሬተና ፍሪትስ ቱገንድሃት የተባሉ አይሁዳውያን ባልና ሚስት ለሚየስ ያሠሩት ቤት በ1930 ተጠናቀቀ። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ወለሉ ነጭ ሊኖሊየም፣ ግድግዳውና ጣሪያው ነጣ ያለ፣ አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት፤ ከመስታወቶቹ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ወደ ወለሉ ሥር ይሰምጣሉ። ገለልተኛ ክፍል ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። አሁን ጨርቁን ጨምሩበት፦ እጽዋት ከሚያድጉበት የመስታወት ክፍል ፊት ጥቁር ሐር፣ በሌላ ቦታ ጥቁር ቬልቬት፣ በረጅሙ መስታወት በኩል ብርማ ግራጫ ሐር፣ ወደ መግቢያው ነጭ ቬልቬት። ከዚያ ደማቁ ቀለም በጥቂቱ ይመጣል፤ የኤመራልድ አረንጓዴ ቆዳ የለበሱ ወንበሮች፣ ሩቢ ቀይ ቬልቬት የለበሰ መጋደሚያ።

ግሬተ ቱገንድሃት በ1969 ወደ ብርኖ ተመልሳ ስለ ቤቷ ስትናገር ያነሳችው አንድ ነገር አለ፤ እነዚህን የቀለም ጥምረቶች ሚየስ ከሊሊ ራይኽ ጋር ሆኖ እዚያው ቦታው ላይ እየሞከረ ነው የወሰነው። በወረቀት ላይ አይደለም፣ በርሊን ቢሯቸው ውስጥ አይደለም። ለእኔ ከጽሑፉ ሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ይሄ ነው። ለካ ቀለም የሚመረጠው በስም አይደለም። «ጥቁር» ሲባል አንድ አይደለም፤ ሐር ብርሃንን ይመልሳል፣ ቬልቬት ይውጠዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትሰቅሏቸው ሁለት ጥቁሮች ይኖሯችኋል። ነጭም እንደዚያው ነው። ነጭ ሆኖ በዓለም የታወቀው የዚያ ቤት የውጭ ግድግዳ፣ እድሳት ሲደረግለት ልስኑ ሲመረመር፣ ከአካባቢው አሸዋ የተነሳ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ ተገኝቷል። ገለልተኛ የሚባል ግድግዳ፣ እንግዲህ፣ የለም። ክሬሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል ወይም ወደ ሮዝ፤ ግራጫው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል ወይም ወደ አረንጓዴ። ጠዋት አንድ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ነው፣ ማታ አምፖል ሲበራ ደግሞ ሦስተኛ። ከዚህ በኋላ እኔ ጨርቅ ስገዛ በስልክ ፎቶ መወሰን ትቻለሁ። ቁራጭ እጠይቃለሁ፣ ቤት ወስጄ በግድግዳው ላይ በወረቀት ማጣበቂያ እለጥፈዋለሁ፣ ሁለት ቀን አየዋለሁ። ሻጮቹ አይወዱትም። አንዱ «እህቴ፣ መጋረጃ ነው እንጂ ባል አይደለም!» ብሎኛል።

እንግዲህ ያልኩት ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ቀለም እያለ ሰው ያስታወሰው ነጩን ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት በጣም ቀላል ነው። ፎቶግራፎቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ። የካፌው ፎቶ ላይ ብርቱካናማውም ቀዩም የሎሚ ቢጫውም የግራጫ ደረጃ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ቀለማቸውን የምናውቀው ሰው በቃል ስለጻፈው ነው። መጽሐፍ ውስጥ የገቡት እነዚያ ፎቶዎች ናቸው። ቀጣዩ ትውልድ አርክቴክት ፎቶውን አይቶ ቀለም የሌለው ቤት ሠራ፣ ከዚያ የዚያን ቅጂ፣ ከዚያ የቅጂውን ቅጂ። የእኛ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ በቀጥታ ከዚያ ወረደ አልልም፤ ክሬም ቀለም ርካሽ መሆኑም አለ፣ ቆሻሻ መደበቁም አለ። ግን ዘመናዊ ማለት ቀለም የሌለው ማለት ነው የሚለው ስሜታችን ከእነዚያ ፎቶዎች ብዙ ወስዷል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ያናድደኛል። ሕንጻ የወንድ ሥራ፣ ጨርቅ የሴት ሥራ ተደርጎ ተቆጠረ። ሕንጻው ፈራሚ አለው፤ መጋረጃው የለውም። አብረው የሠሩት ቡና ቤት፣ አብረው ያሰናዱት ዐውደ ርዕይ፣ አብረው የነደፏቸው ወንበሮች በአብዛኛው በአንድ ስም ተጻፉ። ሚየስ ሰረቃት እያልኩ አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊው ሰነፍ ነበር ነው የምለው።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ራይኽ በ1932 ሚየስ ይመራው በነበረው ባውሃውስ ትምህርት ቤት የሽመናውንና የቤት ውስጥ ንድፉን ክፍል ያዘች፤ በ1933 በናዚዎች ጫና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ቱገንድሃቶች በ1938 አገር ጥለው ወጡ፤ በዚያ ቤት የኖሩት ስምንት ዓመት ብቻ ነው። በማግሥቱ ዓመት ጌስታፖ ቤቱን ወረሰው። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ሲገቡ ፈረሶች ሳሎኑ ውስጥ ነበሩ። ሐሩና ቬልቬቱ ጠፋ። ሚየስ በ1938 ወደ አሜሪካ ሄደ። ራይኽ በ1939 ቺካጎ ድረስ ሄዳ አየችው፤ ግን በርሊን ተመለሰች።

ስትመለስ የጠበቃት ጦርነትና የእሱ ወረቀት ነበር። በ1943 ስቱዲዮዋ በቦምብ ወደመ። ከዚያ በፊት ግን የሚየስን ሥዕሎች፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ፣ ከእነሱ ጋር ደሞ ወደ 900 የሚሆኑ የራሷን፣ በሣጥን አድርጋ ከከተማ ውጭ ወደ ሙልሃውዘን ልካቸው ነበር። በ1947 በርሊን ውስጥ በ62 ዓመቷ ሞተች። ሣጥኖቹ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ቀርተው በ1960ዎቹ ወጡ፣ በመጨረሻም ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገቡ። ዛሬ ስለ ወጣቱ ሚየስ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ የሚመረኮዘው እሷ ባሸገችው ሣጥን ላይ ነው። ሙዚየሙ ለእሷ ለብቻዋ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀው በ1996 ነው፤ ከሞተች ከ49 ዓመት በኋላ።

የብርኖው ቤት በ2001 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነ፣ በ2012 ታድሶ ተከፈተ። መጋረጃዎቹም እንደገና ተሠርተው ተሰቀሉ። አሁን የሚሄድ ሰው በስልኩ በቀለም ያነሳቸዋል፤ ከአረንጓዴው እጽዋት ፊት ጥቁሩ ሐር፣ ከነጩ ወለል ላይ ቀዩ መጋደሚያ። ብርማው ግራጫ ግን በፎቶ አይያዝም ይላሉ ያዩት። ሰማዩ ሲዳምን አንድ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ሌላ።